አሳዩና ክቡን መልሱ

«እናንተ ዘንድ ደግሞ የጥንድ ጭፈራ የት አለና ነው ስለ ጥንድ ጭፈራ ትርኢት የምታወራው?» ያለኝ የአዲስ አበባ ሰው አለ።

ጥር ላይ እንጅባራ ና፣ ወንድሜ። ካልበቃህም መኪናህን ወደ ባሕር ዳር ገፋ አድርግና ዳንግላ ላይ ቁም። ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ቅዳሜና እሑድ የሠርግ ዳስ ያልተጣለበት ሰፈር ማግኘት ይቸግርሃል። ግባና እይ። ሰው ክብ ሠርቶ ያጨበጭባል፤ አውራጁ ያወርዳል፣ ተቀባዩ ይቀበላል። ከክቡ አንድ ጎረምሳ ብቅ ይላል፤ ከወዲያ ማዶ አንዲት ልጅ ትወጣለታለች። እጅ አይያያዙም፣ ወገብ አይተቃቀፉም። ትከሻ ለትከሻ ይገጥማሉ። እሱ በጉልበቱ ዝቅ ሲል እሷም ዝቅ ትላለች፤ እሷ አንገቷን ስትሰብቅ እሱ ትከሻውን ያርገፈግፋል፤ ከበሮው ሲጣደፍ አብረው ይጣደፋሉ፤ «እስክስ!» የተባለ ጊዜ ሁለቱም ቀጥ ይላሉ። አንድ ደቂቃ ቢሆን፣ ሁለት ቢሆን ነው። ከዚያ ወደ ክቡ ይመለሳሉ፤ ሌሎች ሁለት ይገባሉ። ይሄ የጥንድ ጭፈራ ካልሆነ ጥንድ የሚባለው ምንድን ነው? ይሄ አጭር ትርኢት ካልሆነስ አጭር የሚባለው ምን ሊያክል ነው?

«እጅ ካልተያያዙ ማን ይመራል? ማንስ ይከተላል?» አለ ደግሞ ያው ሰው፣ ሳልሳ ተምሯልና።

ዓይን ይመራል። በሳልሳ ወንዱ መዳፉን ሴቷ ጀርባ ላይ አሳርፎ ወዴት እንደምትዞር ይነግራታል፤ ከስምንቱ ምት በስድስቱ ይረግጣሉ፣ አራተኛውንና ስምንተኛውን ያሳልፉታል። የኛዎቹ በክንድ ርቀት ቆመው፣ ሳይነካኩ፣ ከፊታቸው ያለውን ትከሻ እያዩ ቀጣዩን ያውቁታል። ሳልሳ ላይ መሪው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው ነው። እኛ ዘንድ መሪነቱ እዚያው ክቡ መሃል ይለዋወጣል፤ አሁን እሱ ወረደ፣ እሷ ተከተለች፤ አሁን ደግሞ እሷ አፈጠነች፣ እሱ ደረሰባት። ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛም ሰው አለ፤ ከበሮ መቺው። ዓይኑን ከሁለቱ ላይ አያነሳም። ደከሙ ሲል ያዘገየዋል፣ ሞቅ አላቸው ሲል ይገርፈዋል፣ በቃ ሲል ይዘጋዋል። እንግዲህ ትርኢቱ የሚያጥረው በጨፋሪዎቹ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የሚዘጋ እጅ ስላለም ነው። ይህችን ያዙልኝ።

«ሰው ስንት ችግር ላይ ባለበት ጊዜ ስለ ጭፈራ ይጻፋል?» የሚልም አይጠፋም።

ይጻፋል። ሰው የሚሰባሰብበት ቦታ እያነሰ በሄደ ቁጥር ክቡ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ደግሞ ጭፈራ ለጽሑፍ አይበቃም ያለው ማነው? ሃንጋሪያዊው የጭፈራ አጥኚ ጊዮርጊ ማርቲን እዚህ ድረስ መጥቶ፣ የኢትዮጵያን የጭፈራ ዓይነቶች አይቶ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ የሕዝብ ሙዚቃ መጽሔት ላይ ጽፎባቸዋል። ከዳኑብ ዳር የመጣ ሰው ቁም ነገር ያለውን ጉዳይ ደጃፉ ላይ ያደገበት ሰው ምን ሆኖ ይንቀዋል?

አሁን ወደ ሠርጉ።

«ይሄ ስሎው የሚሉት መተቃቀፍ ግን ባህላችን አይደለም» የሚሉ አንድ ጋሼ አሉ።

ጋሼ፣ ሙሽራው ያቀፈው ሚስቱን ነው። ሚስቱን ካላቀፈ ማንን ይቀፍ? የጥንድ ዳንሱም ወደዚህ አገር የገባው ትናንት አይደለም። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች በነገሡበት በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ዋልስ ጨፍራለች፣ ቻቻ ጨፍራለች፣ ትዊስትም መጥቶ ተጨፍሯል። ያ ትውልድ ዛሬ አያት ሆኗል፤ እስክስታ ሲመታ ግን ትከሻው ከማንም አያንስም። ተቃቅፎ መወዝወዝ እስክስታን የሚገድለው ቢሆን ኖሮ ያኔ በገደለው ነበር።

«ታዲያ አንተን የሚያስቆጣህ ምኑ ነው?»

ርዝመቱ ነው፣ ጋሼ። ርዝመቱና ፊቱን ያዞረበት አቅጣጫ። ሙሽሮቹ ይገባሉ፤ ስሎው ይጀመራል፤ ጭስ ይለቀቃል፤ ካሜራማኑ «አንዴ ደግሙልኝ» ይላል፤ ይደገማል። ያ ሲያልቅ ወንዶቹ ሚዜዎች የተለማመዱት ይመጣል። የወንዶቹ ሲያልቅ የሴቶቹ። የሴቶቹ ሲያልቅ ሁለቱም አንድ ላይ። ከዚያ ተከፍሎት የመጣው የባህል ቡድን በየብሔረሰቡ ልብስ እየለወጠ ይገባል። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ሠርገኛው ወንበሩ ላይ ነው፤ እጁ ያለው ስልኩ ላይ እንጂ ጭብጨባ ላይ አይደለም። ሠርጉ ለሁለት ተከፈለ፣ የሚጨፍርና የሚያይ። ከዚህ በኋላ ኤምሲው «አሁን ሁላችሁም ተነሱ!» እያለ ቢጮህ ማን ይነሳለታል? ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥ ሲባል የቆየ ሰው ነው እኮ።

«ሰው ደክሞታል፤ ተቀምጦ ቢያይ ምን አለበት?» ይላል ኤምሲው።

በእንጅባራ ብርድ? ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጥር ማታ፣ ተከራይቶ በመጣ ድንኳን ውስጥ፣ በፕላስቲክ ወንበር? ተቀምጦ ከማየትስ ከበሮው ይሻለዋል። እናቶቻችን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ወደ ክቡ የሚገቡት ድካም ስለሌለባቸው መሰለህ? ሌሊቱን እንጀራ ሲጋግሩ፣ ወጥ ሲያማስሉ አድረው ነው። ድካማቸውን የሚያወጡት እዚያ ነው። ያንን ሰዓት ነው የወሰድክባቸው።

«ረጅም ቢሆንስ? የአንድ ቀን ደስታ አይደል?» የምትል እህትም አለች።

የማን ደስታ ነው፣ እህቴ? ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ድሮ ጭፈራ የሚያበቃበት ነበረው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የጥንቱ ሸክላ በአንድ ፊቱ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ዘፈን ነበር። በቦነስ አይረስ እስከ ዛሬ የሚጨፈርባቸው የታንጎ ዘፈኖች ሦስት ደቂቃ አካባቢ የሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው። ሚሎንጋ በሚሏቸው የታንጎ ምሽቶች ላይ ሰው ሁሉ ሲጨፍር ያመሽና፣ ሌሊቱ ሲጋመስ ወለሉ ለአፍታ ይለቀቅና አንድ የተጋበዘ ጥንድ ይገባል። ሁለት ዘፈን፣ ሦስት ዘፈን፣ ቢበዛ አራት። ሰው ያያል፣ ያጨበጭባል፤ ወዲያው ወለሉ ተመልሶ የሁሉም ነው፤ አሁን ያየውን እግሩ ላይ ሊሞክር የቸኮለ ሰው ይነሳል። ለአርጀንቲናና ለኡራጓይ ታንጎ ዩኔስኮ በ2009 እ.ኤ.አ. የሰጠው እውቅና ለባለሙያዎቹ ትርኢት ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ለሚጨፍረው ጭፈራም ጭምር ነው።

እኛም ዘንድ የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሸክላ ሲያሳትም ትንሿ ሸክላ ቶሎ ታልቅ ነበር፤ መርፌው ሲነሳ ጨፋሪውም ይቆማል፣ ተራ ይለወጣል። ካሴት መጣ፤ ከካሴቱ በኋላ ፍላሽ፤ ዛሬ ደግሞ የዲጄው ላፕቶፕ። አንዱ ዘፈን በሌላው ላይ እየተቀጠለ ጫፉ ጠፋ። የከበሮ መቺው የነበረችውን መዝጊያ እጅ ማን ተረከባት? ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህችን ነው። ከበሮ መቺው ጨፋሪዎቹን እያየ ይመታል፤ ዲጄው የሚያየው ስክሪኑን ነው።

ዲጄውም መልስ አለው፤ «እኔ የታዘዝኩትን ነው የማጫውተው» ይላል።

እንግዲያው ልዘዝህ፤ ለሙሽሮቹ ሦስት ደቂቃ፣ ለሚዜዎቹ ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ ሙዚቃውን ሳታቋርጥ ወደ ሁሉም ዘፈን ግባ። ዝምታ አታስገባ፤ ዝም ካልክ ሰው ይቀመጣል።

«የፈረንጅ ምሳሌ በዛ» አሉኝ ጋሼ።

አንድ ልጨምርና ልተው፤ እሱም ከፈረንጅ ይልቅ ለኛ የሚቀርብ ነው። ኒው ዮርክ፣ ሐርለም ውስጥ ሳቮይ የሚባል የጭፈራ አዳራሽ ነበር፤ ከ1926 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ድረስ የቆየ። ጥቁሩ አሜሪካዊ ከብዙ ቦታ በሚባረርበት ዘመን ሳቮይ ጥቁርንም ነጭንም በአንድ ወለል አስጨፍሯል። ሊንዲ ሆፕ የሚባለው የጥንድ ጭፈራ ስም ያወጣው እዚያ ነው። ጎበዞቹ የሚሰበሰቡበት ጥግ ነበራቸው፤ ሞቅ ሲላቸው ሰው ክብ ይሠራል፣ አንድ ጥንድ ይገባል፣ ያለ የሌለውን ያወጣል፣ ይወጣል፣ ሌላ ጥንድ ይገባል። ፍራንኪ ማኒንግ በ1935 እ.ኤ.አ. አብራው የምትጨፍረውን በጀርባው ላይ አሽከርክሮ ያወረዳት እንዲህ ባለ ፉክክር ላይ ነው፤ ከዚያ ምሽት ወዲህ የሊንዲ ሆፕ ጨፋሪ አየር ላይ መውጣት ለመደ። እንጅባራን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ የሠራው ክብ ግን የኛኑ ክብ ነው። አስተውሉ፣ ያ ዝላይ ትርኢት ነው፤ ማንም ሰው ሰው በሞላበት ወለል ላይ ጎረቤቱን በጫማ እየመታ እንዲሠራው አይፈቀድለትም። ለክብ የሚሆን አለ፣ ለሁሉም የሚሆን አለ። አሳይ ስትባል የምትሠራውን ማሳየቱ ካለቀ በኋላ አትሥራው።

ከዚያም በፊት፣ በ1910ዎቹ፣ ቨርነንና አይሪን ካስል የሚባሉ ባልና ሚስት በምግብ ቤት ጠረጴዛዎች መሃል እየገቡ ለአጭር ጊዜ ያሳዩ ነበር። ያያቸው ሰው «እኔም» አለ፤ እነሱም በ1913 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ የዳንስ ትምህርት ቤት ከፈቱ። አሳይቶ ሰውን ማስነሳት ይሏል ይሄ ነው።

«ባህላችንን ከዳስ አውጥቶ መድረክ ላይ ያቆመልንስ ኪነት አይደለም ወይ? መድረክ ረጅም ቢሆን ምን ነውር አለው?» አለኝ አንድ የድሮ የኪነት ሰው።

ለኪነት እጅ እነሳለሁ። ግሽ ዓባይን የመሰለ ቡድን ከጎጃም ባይነሳ ስንቱ ድምፅና ስንቱ ትከሻ ሰፈሩ ቀርቶ ነበር። ፋሲለደስን ከጎንደር፣ ላሊበላን ከወሎ ጨምሩበት። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ፣ የረዳንን ዓለም ለማመስገን በ1980 ዓ.ም. የተጓዘው ሕዝብ ለሕዝብ የኪነት ቡድንም የአገሪቱን ጭፈራ በየተራ፣ ለእያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ እየሰጠ አሳይቷል። እንግዲህ አጭር ትርኢትን እንዲያውም ኪነት በደንብ ያውቅበታል፣ ጋሽዬ። ነገር ግን መድረክ ፊትና ጀርባ አለው። ክብ የለውም። መድረክ ላይ የወጣ ጥንድ ፊቱን ወደ ተመልካች ማዞር ግድ ሆነበት፤ ፊት ለፊት ይተያዩ የነበሩት ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ። ከዚያ ያ ልማድ ወደ ባህል ምግብ ቤቶቹ ወረደ፣ ከባህል ምግብ ቤቶቹ ወደ ቪዲዮ ክሊፕ ሄደ፣ ከክሊፑ ደግሞ ወደ ሠርጋችን ተመለሰ። ዛሬ ዳንግላ ላይ ሚዜዎቹ በረድፍ ቆመው ካሜራውን እያዩ እስክስታ ይመታሉ። ጎረምሳው ትከሻውን የሚሰብቀው ለሌንስ ነው፤ አጠገቡ ያለችው ልጅ ወረደች፣ አፈጠነች፣ አላየም። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ጎን ለጎን ሠሩ እንጂ ጥንድ አልሆኑም።

«ካሜራ ካላየን ቪዲዮው እንዴት ይወጣል?»

ካሜራው እግር አለው፣ ይዙር። በአንድ ምሽት ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ሲተያዩ የተቀረጸ ቪዲዮ ዓመት ቆይቶም ይታያል፤ ሁለቱም ሌንሱን ሲያዩ የተቀረጸው ግን የማን ሠርግ እንደሆነ እንኳ አይለይም፤ ሁሉም ሠርግ አንድ ነው የሚመስለው።

መድረክና ክብ ሳይጣሉ አብረው የኖሩበትን ማየት ለሚፈልግ አዝማሪ ቤት አለለት። ጨፋሪውን መላኩ በላይን ጥሩ ምሳሌ አድርጌ እወስደዋለሁ። ካዛንቺስ፣ ፈንዲቃ አዝማሪ ቤት፣ በሽልማት ብር ብቻ እየጨፈረ ጀምሮ ቤቱን እስከ መያዝ የደረሰ ሰው ነው፤ የፈረንሳይ መንግሥትም የኪነ ጥበብ ኒሻን ሸልሞታል። ዓለምን የዞረበት ትከሻ ነው። ጥበቡ ግን ከአዝማሪ ቤት የወጣ ነው። አዝማሪ ቤት ውስጥ ጨፋሪው ጥቂት ያሳይና ወደ እንግዳው ጠረጴዛ ይመጣል፤ ፊቱ ይቆማል፤ ትከሻውን ያቀርብለታል፤ እንግዳው ብርጭቆውን አስቀምጦ እስኪመልስለት ይጠብቃል። የተመለሰችው ትከሻ ብትንቀጠቀጥም፣ ቢቸግራትም፣ ጨፋሪው የራሱን ዝቅ አድርጎ ይከተላታል። ከሱ የበለጠ ማን ያውቃል? የማያውቀውን የሚከተለው ግን ስለሚያውቅ ነው። አሳይቶ ሰው ሳያስነሳ የሚመለስ አዝማሪ ቤት የሠራ ጨፋሪ አይባልም።

«ከፍለን ያስመጣናቸው ይጨፍሩ፣ እኛ እንብላ» ለሚሉት ባለ ሠርጎችም መልሱ እዚሁ ነው። የከፈላችሁት በር እንዲከፍቱላችሁ ነው። ከፍተው ሲገቡ በሩን ከውስጥ ከዘጉት ብራችሁ የት ገባ?

ስለ ፈረስም ልናገር።

«ፈረስና ጭፈራ ደግሞ ምን አገናኛቸው?» ይለኛል አንዱ፣ ጥር 23 እንጅባራ ሜዳ ቆሞ አይቶ የማያውቅ።

የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። በዓድዋ የዘመተውን ፈረሰኛና ፈረሱን ለማሰብ፣ በየዓመቱ በጥር ጊዮርጊስ፣ ከባንጃና ከአንከሻ፣ ከዚገምና ከኳኩራ፣ ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ ይወጣል። ግልቢያ አለ፣ ጉግስ አለ፣ ሽርጥ አለ። እኔን የሚይዘኝ ግን ስግሪያው ነው። በስግሪያ ፍጥነት አይደለም የሚታየው፤ የሁለቱ መግባባት ነው። ፈረሱ አንገቱን ቀስት አድርጎ፣ እግሩን በልክ እያነሳ ሲሰግር ጋላቢው ኮርቻው ላይ ውኃ ቢይዝ አይደፋበትም። ልጓሟ በእጅ ትነግረዋለች፣ ጉልበት በጎኑ ይነግረዋል፤ ፈረሱም በጀርባው ይመልስለታል። መሪ አለ፣ ተከታይ አለ፣ ሁለቱም ያዳምጣሉ። ከዚህ ሌላ ጥንድ ማለት ምንድን ነው? ደግሞም ሰግሮ ያለፈ ሜዳውን ለሚቀጥለው ይለቃል። የሚለቀው ለደንብ ብቻ አይደለም፤ ፈረስ ይደክማልና ነው። በአንድ ሩጫ ያለውን አሳይቶ ካልወጣ ሁለተኛው ላይ አንገቱ ይወድቃል፤ የወደቀ አንገት ደግሞ ባለቤቱን ያሳፍራል። ትከሻም እንዲሁ ይደክማል፤ እስክስታ በአምስተኛው ደቂቃ የመጀመሪያው ደቂቃ እስክስታ አይደለም። የሠርጋችን ወጣቶች ሜዳው ላይ ከአባቶቻቸው ያዩትን ዳስ ውስጥ ሲገቡ ለምን ይረሱታል?

«ልጅቱን ጎትቼ ካላስገባኋት እንዴት ትገባለች? ሴት ሲሏት ትግደረደራለች እንጂ» ያለ ጎረምሳም ሰምቻለሁ። ይሄኛውን ቆም ብዬ ነው የምመልስለት።

አልፈልግም ያለችህን ሴት ክንዷን ይዘህ ሰው ፊት ካስገባሃት ያሳየኸው ጉልበትህን ነው፤ ጭፈራ አላሳየህም። ክቡ ሁሉ እያየ «አይ» ማለት ይከብዳታል፤ አንተ ደግሞ ያችን ችግሯን ነው የተጠቀምክባት። አባቶችህ በጥምቀት ሜዳ ሎሚ ወርውረው፣ እስክትመልስ ጠብቀው ነው ያገቡት። የታንጎ ሰዎችም ከወለሉ ማዶ ሆነው በዓይን ነው የሚጠይቁት፤ ካየችው ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ ዓይኗን ካነሳች ማንም ሳያውቅ ነገሩ እዚያው ያልፋል። ማንም አልተዋረደም። ፊቷ ቁም፣ ትከሻህን አቅርብ፣ ዓይኗን እይ። ከመጣች መጣች። ካልመጣች ከጓደኛህ ጋር ግጠም፤ ወንድ ከወንድ ጋር፣ ሴት ከሴት ጋር እስክስታ መግጠም በዚህ አገር ነውር ሆኖ አያውቅም።

ግንባር ላይ ብር ስለሚለጥፉት ዘመዶች ደግሞ አጭር ነው፦ ለከበሮ መቺው ስጡት። ሙሽሮቹ መሃል እየተሰለፋችሁ አንድ በአንድ ስትለጥፉ ሦስት ደቂቃዋ ሃያ ትሆናለች፤ ሙሽራዋም ብር እንዳይወድቅባት አንገቷን አቁማ ትቀራለች። የምትሸልሙት እስክስታዋን ከሆነ እስክስታዋን አታቁሙባት።

«እኔ እንኳ አላውቅበትም፣ ይቅርብኝ፤ ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ነው ነገሩ» የምትል ልጅ ሁሌም ጥግ ላይ አለች። ከሁሉም በላይ የማስብላት እሷን ነው።

ተረቱ እውነት ነው፣ እታለም፤ ያደናግራል። መደናገሩ ግን የመያዝ መጀመሪያ ነው። አሁን መሃል ገብተው ያያቸው ሁሉ «ወይ ትከሻ!» የሚልላቸው ሴቶች የትኛው ትምህርት ቤት ተምረው መሰለሽ? እዚሁ ክብ ውስጥ፣ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ከበሮውን በሆዳቸው ሰምተው፣ ኋላም በእናታቸው ቀሚስ ሥር ቆመው አይተው ነው። አጭሩ ትርኢት ጥቅሙ ለዚህ ነው። ጎበዝ ጥንድ ሁለት ደቂቃ ሲያሳይሽ ዓይንሽ አንድ ነገር ይሰርቃል፣ አንዲት ነገር፣ ትከሻዋን ከመጣሏ በፊት ትንፋሿን እንዴት እንደያዘች። ክቡ ወዲያው ሲከፈትልሽ የሰረቅሽውን ሳይበርድ ትሞክሪዋለሽ። ግማሽ ሰዓት ካሳዩሽ ግን ብዙ አይተሽ ምንም አልያዝሽም፤ የያዝሽው «እኔ እንደ እነሱ አልሆንም» የሚለውን ብቻ ነው። በየሠርጉ ጥግ ላይ የሚቀሩት ልጆች የበዙት ችሎታ ስለጠፋ አይመስለኝም። ዕድሉ ስለተወሰደባቸው ነው።

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ከተማዋ ውስጥ ከወላይታም ከወለጋም ከጉራጌም የመጡ ትከሻና እግሮች አሉ። «ከኛ ጭፈራ ጋር ምን አላቸው?» ለሚል ሰው፦ ሁለት ደቂቃ ያሳዩህ፣ ሁለት ደቂቃ አሳያቸው፣ ከዚያ ተቀላቀሉ። ተማሪዎቹ ሳይነገራቸው ሲያደርጉት ያየ ሰው ያውቀዋል።

«ሽማግሌዎቹ ይቀመጡ፣ ዘመኑ የኛ ነው» ያለ ሚዜ ካለ ደግሞ የሙሽራውን አጎት አንዴ ይጋብዛቸው። ጉልበታቸው ዝቅ አይል ይሆናል፤ ትከሻቸው ግን በየትኛው ምት ላይ ዝም ማለት እንዳለባት ታውቃለች። የፈጠነ ሁሉ ያንን አያውቅም።

አሁን አንዲት ሙሽራ ቀርታኛለች። ሠርጓ ለዚህ ጥር የተቆረጠ ነው፤ ከእጮኛዋ ጋር ሲለማመዱ ከርመዋል። «ይሄን ሁሉ ወራት ተለማምጄ በሦስት ደቂቃ ላብቃ?» ብላ ተቆጣች።

አዎ፣ የኔ እመቤት፤ በሦስት ደቂቃ አብቂ። የተለማመድሽው የትም አይሄድም፤ ሌሊቱን ሙሉ ትጨፍሪበታለሽ። ስሎውሽን ተቃቀፊበት፤ ባልሽን እይ፣ ሌላ ማንንም አትይ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ከበሮው ሲገባ እጁን ልቀቂና ፊቱ ቁሚ፤ ትከሻሽን ስጪው። ሁለት ዙር ከሆናችሁ በኋላ አንቺ ወደ አማትሽ ዙሪ፣ እሱ ወደ እናትሽ ይዙር። በዓይን ጥሯቸው። እናትሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ስትሸብ ሚዜዎቹ ካሜራውን ትተው ወንበሮቹን ወደ ዳር ይግፉ፤ ዲጄው ሙዚቃውን እንዳይዘጋ አስቀድመሽ ንገሪው። ካሜራማኑ «ወደዚህ ዙሩ» ካለሽ፣ እሱ ዞሮ ይምጣ በይው።